ለገና የተቀመጠው ኮርን ፑዲንግ

ኪርር… ኪርር… የቢላዋ ጀርባ የበቆሎ ቆረቆንዳ ሲፍቅ እንዲህ ይላል። ባለፈው ሰመር እዚህ ሳን ሆዜ፣ ፎቅ ላይ ልብስ እያጠፍኩ ሳለ ይህ ድምፅ ከወጥ ቤት መጣና እጄ ላይ የነበረውን ፎጣ እንደያዝኩ ደረጃውን ወረድኩት። ልጄ ከስልኳ ላይ አንዱን የምግብ አሠራር እያየች በቆሎ ትፈለፍላለች፣ ቆረቆንዳውን በቢላዋ ጀርባ እየፋቀች ነጭ ወተቱን ሳህን ላይ ታንጠባጥባለች፤ ያ ሣር ሣር፣ ወተት ወተት የሚል የእሸት ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። «ማም፣ አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። «ምንም አልሆንኩም» አልኳት፤ ዓይኔ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። ምን ብዬ ላስረዳት? የሚስ ኧርሊን ወጥ ቤት ከነነፍሱ መጣብኝ ልበላት?

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ከሱዳን በስደት መጥተን ኦክላንድ የገባነው። አባዬ፣ እማዬና እኔ ብቻ ነን፣ ዘመድ አዝማድ የሚባል የለንም። የተከራየነው ቤት ላዩና ታቹ ለየብቻ የሚከራይ አሮጌ የእንጨት ቤት ሲሆን፣ ባርት የሚባለው ባቡር ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንቀጫቀጩ ነበር፤ እኛ ላይ፣ ሚስ ኧርሊን ታች። ሚስ ኧርሊን ሚሲሲፒ ተወልደው በወጣትነታቸው ኦክላንድ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍራፍሬ በቆርቆሮ የሚያሽግ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ ልጃቸው ርቆ የሄደባቸው ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ። እማዬ ሆቴል ስታጸዳ፣ አባዬ ታክሲ ሲነዳ፣ ከትምህርት ቤት የሚቀበሉኝ እሳቸው ነበሩ። ማንም ለምኗቸው አይደለም፤ አንድ ቀን ቁልፍ ጠፍቶብኝ ደረጃው ላይ ተኮራምቼ ሲያዩኝ «ግቢ ቤቢ» አሉኝ፣ በዚያው ገባሁ።

እማዬ ትልቅ ሰው በስሙ መጥራት ነውር ስለሚመስላት «እትዬ ኧርሊን» ትላቸው ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝና «ታላቅ እህቴ እንደማለት ነው» ብላቸው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው፣ እማዬ ተሳስታ «ሚስ» ካለቻቸው ዞር ብለውም አያዩአት። ሁለቱ ሲያወሩ ማየት እንዴት ያስቅ ነበር! እማዬ እንግሊዝኛዋ ከ«ጉድ ሞርኒንግ» ብዙም አያልፍም፣ እሳቸው አማርኛቸው «እትዬ» ብቻ ነው፤ ግን በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ሰዓቱን ሙሉ ያወራሉ። እኔን ለአስተርጓሚነት የሚጠሩኝ ነገሩ ሲከብድ ብቻ ነበር። እማዬ በዚህ አገር ላይ ሰው አለኝ የምትለው እሳቸውን ነበር፣ ሌላ ማንም አልነበራትም።

ሰመር ሲገባ ከብሬንትዉድ እርሻ በፒክአፕ በቆሎ ጭኖ የሚመጣ ሰውዬ ነበር። ሚስ ኧርሊን አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ያስወርዱና የጓሮው ደረጃ ላይ እሳቸው ከላይ፣ እኔ ከታች ተቀምጠን፣ የኦክላንድ ጠዋት በሰመርም ጉም ስለማይለየው ሹራብ ደርበን፣ ቅጠሉን እየላጥን፣ ፀጉሩን እየነቀልን እንውል ነበር። «ፍሬውን ከሥሩ አትቁረጪ» ይሉኛል፣ «ግማሹን ቁረጪ፣ ግማሹን ፋቂ። ቁም ነገሩ ያለው ወተቱ ላይ ነው። እናቴ ያልፋቀችውን በቆሎ፣ በቆሎ አትለውም ነበር።» የተፋቀው በከረጢት ሆኖ ፍሪዘር ይገባል፣ ማንም አይነካውም። እማዬ ከሥራ ስትመለስ ቆማ ታየንና ምን ሊሆን ነው ብላ ታስጠይቀኛለች፤ በእንቁላል፣ በወተት፣ በቅቤና በስኳር ተመቶ ኦቨን እንደሚገባ ስነግራት «በቆሎ በስኳር! ወይ ጉድ! እኛ ጠብሰን በላን፣ ቀቅለን በላን፣ ምነው ይሄ ሳይታየን ቀረ?» ትል ነበር። ሚስ ኧርሊን ኮርን ፑዲንጉን የሚሠሩት በዓመት አንዴ፣ ለታንክስጊቪንግ ብቻ ነበር፤ እናታቸውም እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት።

ታንክስጊቪንግ የሚባለው የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል በኖቬምበር መጨረሻ ሐሙስ ቀን ይውላል። የነቢያት ጾም የሚገባው ደግሞ ኅዳር አሥራ አምስት ነው። አንዳንድ ዓመት ለጥቂት ያመልጣል እንጂ ብዙውን ጊዜ አሜሪካ በሙሉ በቅቤ ሲታጠብ እኛ ቤት ያለው ሽሮ ነው። ኦክላንድ በገባን ዓመት እኔም ሰባት ዓመት ስለሞላኝ ጿሚ ሆኛለሁ ብዬ ደረቴን ነፍቻለሁ። አባዬ ብቻ «መንገደኛ እኮ ጾም የለበትም» እያለ ሊያመልጥ ይሞክራል፣ እማዬም «ቤት ተከራይቶ፣ ሶፋ ገዝቶ የሚቀመጥ ምን ዓይነት መንገደኛ ነው?» ብላ አፉን ታስይዘዋለች።

በዚያ ሐሙስ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ሚስ ኧርሊን የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣቸውን እንደደፉ፣ አበባ ያለበት ነጭ መጋገሪያ ዕቃ በሁለት ጨርቅ ይዘው ቆመዋል። ከላይ በፎይል ተሸፍኗል፣ ሽታው ግን ፎይል አይዘውም፤ ቅቤው፣ እሸቱ፣ ገውዙ ተቀላቅሎ ወደ ቤት ገባ። «የእናቴ ነው» አሉኝ፣ «ለእናትሽ ንገሪያት። ይህን የሚበላልኝ የራሴ ሰው ጠፍቶ ነበር፤ ዘንድሮ ግን እናንተ አላችሁ። ዕቃውን ለመመለስ አትቸኩሉ።» እማዬ በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ጎንበስ ብላ ጉንጫቸውን ሳመች፣ «በያቸው፣ በጣም ደስ ብሎናል፣ እንበላዋለን በያቸው» አለችኝ። አልኳቸው። ደስ ብሏቸው እያንጎራጎሩ ወረዱ።

በሩ ሲዘጋ እማዬ ዕቃውን እንደታቀፈች መሃል ወለሉ ላይ ቀረች። «ለምን ጾም ላይ ነን አላልሻቸውም?» አላት አባዬ። «ጾም እኮ አይለፈፍም! ጾምህን ለሰው ካወራህ ዋጋህን ተቀበልክ ማለት ነው» አለችው፤ እሷ ያደገችው እንደዚያ ነው፣ ስትጾም ጎረቤት እንኳ እንዳያውቅባት ከንፈሯን ቅባት የምትቀባ ሴት ነበረች። እሺ፣ ለሌላ ሰው ይሰጥ? የእናታቸውን ምግብ! ይደፋ? ያውም እህል! እያሰበች ዞረች፣ ዞረችና ዓይኗ ፍሪዘሩ ላይ ዐረፈ። «በቃ፣ ለገና እናስቀምጠዋለን። እንበላዋለን ብያለሁ፣ እንበላዋለን።» ከላይ ሌላ ፎይል ደርባ እንደ ሕፃን ታቅፋ አስገባችው። እኔ ፍሪዘሩ በተከፈተ ቁጥር በጎን አየዋለሁ፣ ምራቄን እውጣለሁ። ሚስ ኧርሊን በማግስቱ «ወደዳችሁት?» ሲሉኝ «እማዬ በጣም ደስ ብሏታል» አልኳቸው። እውነት ነበር።

የኦክላንድ ዝናብ የሚመጣው እንደ አገር ቤት በሐምሌ ሳይሆን በታኅሣሥ ነው። ዝናቡ ደረጃውን ባራሰበት በአንዱ ቀን፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ አዳለጠኝና ጉልበቴ አበጠ። የሚስ ኧርሊን ፍሪዘር በረዶ አልነበረውም፤ የቤታችንን ቁልፍ ይዘው፣ እኔን ደግፈው ወደ ላይ ወጡና ወንበር ላይ አስቀምጠውኝ የእኛን ፍሪዘር ከፈቱ። ከፈቱና ቆሙ። ያ ነጭ ዕቃ፣ ጎኑ ላይ በፕላስተር ስማቸው የተለጠፈበት፣ ፊት ለፊታቸው ነው። የፎይሉን ጫፍ በጣታቸው ቀስ አድርገው ገለጡት። ማንኪያ ያልነካው፣ ልክ ሠርተው እንዳመጡት። መልሰው ሸፈኑት፣ ጥርት አድርገው ሸፈኑት፣ በረዶውን በፎጣ ጠቅልለው ጉልበቴ ላይ ያዙልኝ፤ ፊታቸው ግን ጠቁሯል። እኔም ፈርቼ የጾሙን ነገር አልነገርኳቸውም።

ከዚያ ቀን ወዲያ አልተዉኝም፤ ከትምህርት ቤት ይቀበሉኛል፣ ቴሌቪዥን ይከፍቱልኛል። ማንጎራጎሩ ግን ቀረ። እጃቸው ከሠራው ምንም አያቀርቡልኝም፣ ከካርቶን ብስኩት አውጥተው ይሰጡኛል። እማዬ ልትወስደኝ ስትመጣ በሩን ገርበብ አድርገው ያስወጡኛል እንጂ በረንዳው ላይ አይቀመጡም። እማዬ ያየችውን አይታ፣ እኔም የፍሪዘሩን ነገር ነግሬአት፣ ደረቷን መታች። «ወይኔ! በቁሜ ሞትኩ! ምግቤን ተጸየፈችው ነው እኮ የሚሉት!» አባዬ «ሄደሽ አስረጃቸው፣ ሰው አይደሉም እንዴ፣ ይገባቸዋል» አላት። «አሁን ተይዤ ጾም ላይ ነበርኩ ብል ሰበብ ነው የሚመስለው። ወሬ አያድነኝም። እፊታቸው ቁጭ ብዬ ስበላ ካላዩ እትዬን አጣኋቸው» አለች። ገና እስኪደርስ ያለው ጊዜ እንዴት ረዘመ! እማዬ ከሥራ ስትገባ የታችኛው በር አጠገብ ስትደርስ እርምጃዋን ቀስ ታደርጋለች፣ ምናልባት ይከፈት እንደሆነ። አይከፈትም ነበር። አንድ ቀን ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ገና ደረሰ፤ እዚህ አገር ሰዉ የገና ዛፉን መንገድ ዳር አውጥቶ ጥሎ ሥራ የገባበት ተራ የጃንዋሪ ቀን ነው፣ ዝናቡም ይወርዳል። በኪራይ አዳራሽ ከሚቀደሰው ቤተ ክርስቲያናችን ተመልሰን ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ እማዬ ዕቃውን ኦቨን ከትታ ቀስ አድርጋ አሞቀችው፤ በረዶው እንዲሟሟ ከዋዜማው ጀምሮ ከፍሪዘር አውጥታው ነበር። ፎይሉን ስትገልጠው ግን ምን ታያለች! እንደ አይብና አጓት ተለያይቷል፣ ከላይ ፍርፍር፣ ከሥር ውሃ። «እመቤቴ ድረሽ፣ ይሄ ደግሞ ምን ሆነ?» አለች። የተሠራ ፑዲንግ በረዶ እንደማይወድ በምን ታውቅ? ዶሮው ምድጃ ላይ አለ፣ አባዬ ሰዓቱን እያየ ነው፤ እሷ ግን ዕቃውን በአንድ እጇ፣ እኔን በሌላው ይዛ ደረጃውን ወረደች።

ሚስ ኧርሊን በሩን ሲከፍቱ «ግቡ» እስኪሉ እንኳ አልጠበቀችም፣ ይሉኝታ የሚገድላት እናቴ! ገብታ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠችው፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ማንኪያ ከመሳቢያቸው አወጣች፣ አማተበችና መብላት ጀመረች። ያን ውሃ፣ ያን ፍርፍር፣ በማንኪያ እየዛቀች። ሚስ ኧርሊን አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «አስቁሚያት ቤቢ፣ ተበላሽቷል እኮ!» «እማዬ፣ ተበላሽቷል ይላሉ።» «አልተበላሸም በያቸው» አለች፣ ሳትውጥ። ከዚያ ማንኪያውን ይዛ ቀና ብላ አየቻቸውና «ደህና አድርገሽ ንገሪልኝ» አለችኝ። «ከዚያ ሐሙስ በፊት ጀምሮ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አልቀመስኩም፣ ጾም ነበር። ዛሬ ለእኛ የጌታ ልደት ነው፣ ጾሙ ዛሬ ተፈታ። ከሁሉ አስቀድሜ ጾሜን የፈታሁት በእርስዎ ምግብ ነው። እቤት ዶሮ አለ፣ አልነካሁትም። እትዬ፣ እጅዎን ብጸየፍ ምላሴ ይድረቅ።»

እንደምንም ብዬ ተረጎምኩት፣ የመጨረሻውን ቃል ግን አልቻልኩም፣ ምላሴን አውጥቼ በጣቴ አሳየኋቸው። ሚስ ኧርሊን ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ከአፍሪካ የሚመጡት ይንቁናል ሲሉ እሰማ ነበር» አሉ፣ ለእኔ ነው የሚናገሩት፣ ዓይናቸው ግን እማዬ ላይ ነው። «ይችኛዋ ግን እንደዚያ አይደለችም ብዬ ነበር። ፍሪዘሩን ስከፍት… ቤቢ፣ እናቴን ነው በረዶ ውስጥ ያየኋት የመሰለኝ።» የዕቃውን ጠርዝ በጣታቸው ነኩ። ከዚያ «ለጌታ ልደት ነው ያስቀመጠችው?» አሉኝ። «የስ» አልኳቸው። ተነሥተው ሌላ ማንኪያ አመጡና ከዚያው ዕቃ ቀመሱ። ፊታቸው ተጨማደደ። «ሎርድ ሃቭ መርሲ! ይህን ነው የምትበላው?» ብለው ሳቅ ጀመሩ፣ እማዬም ሳይተረጎምላት ሳቀች፣ ሁለቱም ጠረጴዛውን እየመቱ፣ እንባቸውን እየጠረጉ፣ እየሳቁ ያን የተበላሸ ነገር ጨረሱት። ለእኔ የደረሰኝ ሁለት ማንኪያ ነው። ምን ዓይነት ጣዕም ነበረው ብትሉኝ፣ የውሃ።

ከዚያ ወዲያ ሰመር በመጣ ቁጥር ደረጃው ላይ ስንፍቅ ከረጢቱ ሁለት ሆነ፣ አንዱ የታንክስጊቪንግ፣ ሌላው «የኢትዮጵያ ክሪስማስ»። የገና ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የሚስ ኧርሊን ኦቨን ሞቆ ይጠብቀን ነበር። እንቁላሉን እኔ እመታለሁ፣ እማዬ ገውዙን ትፈገፍጋለች፣ እሳቸው ዕቃውን ሙቅ ውሃ ባለበት ሰፊ መጋገሪያ ውስጥ አስቀምጠው ያስገቡታል። «እስኪደርቅ አትጠብቂ፤ መሃሉ ገና ሲንቀጠቀጥ አውጪው፣ የቀረውን ራሱ ይጨርሳል» ይሉኝ ነበር። መንገደኛ ጾም የለበትም የሚለው አባዬም ሳህኑን ይዞ ከሁሉም ቀድሞ ይቀመጥ ነበር። እንደዚያ የጣፈጠ ነገር ከዚያ ወዲያ በልቼ አላውቅም። ይኸው እላለሁ፣ አልዋሽም።

ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ሲል፣ በመከር፣ ሚሲሲፒ ያሉት እህታቸው ታመሙና ሚስ ኧርሊን ሊያስታምሙ ጠቅልለው ሊሄዱ ሆነ። እኛም ሳን ሆዜ ልንገባ ዕቃ መሸከፍ ጀምረን ነበር። የሚሄዱት ጾሙ በገባ ሳምንት ነው። ከመሄዳቸው በፊት ምሳ ጠሩን። እማዬ ደረጃውን ስትወርድ መሃል ላይ ቆመችና ክንዴን ያዘችኝ። «ያንን ካቀረቡልኝ እበላለሁ» አለችኝ። «ከዚህ በኋላ የማገኛቸው አይመስለኝም። ንስሐዬን እኔ እወጣዋለሁ፣ እግዜር ያውቃል።» እናቴን አውቃታለሁ፤ ወባ ይዟት እንኳ ጾም አልገደፈችም ሲባል ነው ያደግኩት። ክንዴን ሳትለቅ የቀረውን ደረጃ ወረደች።

ቤቱ ባዶ ነው፣ ካርቶን ብቻ፣ ጠረጴዛው ግን ተሰናድቷል፤ መሃሉ ላይ ያ ነጭ ዕቃ። እማዬ አማተበች፣ ተቀመጠች፣ ማንኪያውን አነሣች። ሚስ ኧርሊን እጇን ያዙት። «ንገሪያት ቤቢ። እንቁላል የለውም። የላም ወተት የለውም። ቅቤ የለውም። ዘይት ነው፣ ወተቱም የበቆሎው የራሱ ነው፣ ሌሊቱን ስፍቅ ነው ያደርኩት። ሳትፈራ ትብላ።» ስተረጉምላት እማዬ የያዛትን እጅ ሳመች። ከዚያ ማንኪያውን ሰደደች፤ ተዝለፍልፎ፣ እንደ ቀጠነ አጥሚት ከማንኪያው ላይ ፈሰሰ። ዘይቱ ከላይ ተንሳፍፏል። በላች። ጨመረች። ሳህኑን በጣቷ ጠረገች፣ እናቴ! «ኢትስ ቴሪብል፣ ኤይንት ኢት፣ እትዬ?» አሏት ሚስ ኧርሊን፣ አይጣፍጥም አይደል ማለታቸው ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እሷን እትዬ ብለው። «ቬሪ ጉድ» አለች እማዬ፣ እንባዋ ሳህኑ ላይ እየወረደ። ነጩን ዕቃ ሲሄዱ ለእማዬ ተዉላት። ለጥቂት ዓመታት በገና ቀን ይደውሉ ነበር፤ አንዱ ገና ላይ የደወለው ልጃቸው ሆነ።

አሁን እማዬ ከእኔ ጋር ናት። የንስሐ አባቷ ለመድኃኒቷ ሲሉ ጾሙን ቢፈቱላትም አልሰማቻቸውም። ባለፈው ታንክስጊቪንግ ልጄ ያንን በሰመር የፋቀችውን በቆሎ ከፍሪዘር አወጣችና ለአያቷ የጾም ኮርን ፑዲንግ ሠራችላት። ዛሬ ምን የማይገኝ አለ፣ የጾም ቅቤ፣ የጾም ወተት፣ እንቁላል የሚተካ ዱቄት፣ ሁሉም ሱቅ ላይ ተደርድሯል፤ ማንም ሌሊቱን ሲፍቅ አያድርም። ጥርት ብሎ ነው የወጣው፣ መሃሉ እንደ ሚስ ኧርሊን ፑዲንግ ይንቀጠቀጣል፣ አልፈሰሰም። ቆረጥ አድርጌ ለጎረቤት ልስደድ አልኩና አሰብኩት፤ በግራ ያሉትን በመኪናቸው እንጂ በፊታቸው አላውቃቸውም፣ በቀኝ ያሉት ምን እንደሚበሉ፣ ምን እንደማይበሉ፣ ሰው ይጠብቁ አይጠብቁ አላውቅም። እነሱም እኛን አያውቁንም። ከዚያ ባቡር ከሚያንቀጠቅጠው ቤት የተሻለ ቤት አለን፣ ተመስገን ነው፤ ግን ናፈቀኝ፣ ዝም ብሎ ናፈቀኝ።

እማዬ አንድ ማንኪያ ቀመሰችና «እጅሽ ይባረክ፣ በጣም ጥሩ ነው» አለቻት ልጄን። ከዚያ ያን አበባ ያለበትን ነጭ ዕቃ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «የቀረውን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪልኝ። ለገና።»

ልጄ ግራ ተጋባች። «አያቴ፣ የጾም ነው እኮ፣ ዩ ካን ኢት ኢት ናው። ፍሪዘር ከገባ ደግሞ ውሃ ይሆናል፣ ይበላሻል።»

«ይበላሽ» አለች እማዬ።

ተነሥቼ ፎይል ቀደድኩ።